ክሩዝ ላይ የማራቶን ልምምድ እንዳይቋረጥ፦ ከባልቲሞር ቤርሙዳ ደርሶ መልስ

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ማራቶን አለ። ኦገስት ላይ ደግሞ ቤተሰቡ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ቆርጧል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። አንዱ ሰባት ቀን ሙሉ ጫማውን ሳያነሳ ይከርምና ሲመለስ የቀረውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊያካክስ ሲል ባቱን ይጎዳል። ሌላው የፕላኑን እያንዳንዷን ኪሎ ሜትር መርከቡ ጫፍ ላይ እየዞረ ሊሞላ ሲል ቁርጭምጭሚቱን አሳብጦ ይወርዳል። እኔ በተለያየ ዓመት ሁለቱም ደርሰውብኛል። ይህን የምጽፈው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው።

ምሳሌዬ ከባልቲሞር ተነስቶ አትላንቲክ ላይ ወዳለችው ደሴት ቤርሙዳ የሚሄደው የ7 ሌሊት ጉዞ ነው። ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለሰሜን ቨርጂኒያ ሰው ቅርቡ ወደብ ባልቲሞር ነው። ሰዓት ስጽፍ በኛ አቆጣጠር ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ስል መርከቡ 6፡00 የሚለው ማለቴ ነው።

## ደረጃ 1፦ ፕላኑን ከአንድ ወር በፊት አስተካክሉ

ዋናው ሥራ ያለው እዚህ ነው። መርከቡ ላይ ከወጣችሁ በኋላ የምታስተካክሉት ነገር ትንሽ ነው።

1. ደህና የማራቶን ፕላን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ኪሎ ሜትር የሚቀነስበት ሳምንት አለው። ያንን ሳምንት አንሱና ክሩዙ ላይ አድርጉት።
2. ረጅሙን ሩጫ ከመሳፈራችሁ በፊት ባለው ቀን ሩጡት። በመሳፈሪያው ቀን ጠዋት አትሩጡ። ሰውነት ውሃ አጥሮት፣ ሻንጣ እየጎተቱ ሰልፍ ላይ መቆም ሁለት ቀን ያዳክማል።
3. ቀጣዩን ረጅም ሩጫ ከተመለሳችሁ በኋላ ባለው ቅዳሜ ላይ አስቀምጡ።
4. የሳምንቱን ርቀት ቀንሱ፣ ጠንካራዋን ልምምድ ግን አትተዉ። ርቀት ለአንድ ሳምንት ቢቀንስም ፍጥነት ያለበት አንድ ቀን ካለ አቅም ባለበት ይቆያል። ጭራሽ ሳይሮጡ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ነው መውረዱ በደንብ የሚታወቀው።

በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህን ይመስላል፦

- ቅዳሜ (ቤት)፦ 26 ኪሎ ሜትር
- እሁድ (መሳፈሪያ)፦ እረፍት፣ ማታ የእግር ጉዞ
- ሰኞ (ባሕር ላይ)፦ 40 ደቂቃ ቀላል
- ማክሰኞ (ባሕር ላይ)፦ ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ ኢንተርቫል (ጠንከርና ቀላል እየተፈራረቀ)
- ረቡዕ (ቤርሙዳ)፦ እረፍት ወይም ዋና
- ሐሙስ (ቤርሙዳ)፦ 14 ኪሎ ሜትር፣ ገና ሲነጋ
- አርብ (ባሕር ላይ)፦ እረፍት
- ቅዳሜ (ባሕር ላይ)፦ 40 ደቂቃ ቀላል
- እሁድ (መውረጃ)፦ እረፍት

ቤት የተሮጠው 26 ሳይቆጠር ሲደመር 37 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ይበቃል። የናንተ መርከብ ቀኑ ቢለያይ ቦታ አቀያይሩ። ኢንተርቫሉና ወደብ ላይ ያለው ሩጫ ግን እንዳይደራረቡ፤ መሀላቸው ቢያንስ አንድ ቀን ይኑር።

## ደረጃ 2፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት መሙን እዩ

የመርከቡ የፎቅ ካርታ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አለ። የሩጫ መሙን ፈልጉ። ዓይነቱ ይለያያል።

ላይኛው ፎቅ ላይ የሚገኘው ትንሹ መም በብዛት ከ130 እስከ 200 ሜትር ነው። ግድግዳው ላይ «10 ዙር አንድ ማይል» ከተባለ አንዱ ዙር 160 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ሜትር ስድስት ዙር ከሩብ ያስፈልጋል። አንዳንድ መርከብ ደግሞ ዝቅ ባለ ፎቅ ላይ ዙሪያውን የሚያስኬድ ሰፊ መተላለፊያ አለው። ኩዊን ሜሪ 2 ላይ 7ኛው ፎቅን ሦስት ጊዜ መዞር 1.1 ማይል ነው። ሮያል ካሪቢያን የሚባለው ድርጅት ኦኤሲስ ዓይነት መርከቦች 5ኛ ፎቅ ላይ ያለው መም ደግሞ በሁለት ዙር ከግማሽ ሳይሞላ አንድ ማይል ይሰጣል። ለሯጭ ከዚህ የተሻለ የለም።

ግን እነዚያ ግዙፎቹ ባልቲሞር አይመጡም። ወደ ባልቲሞር የሚገባ መርከብ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ አለበት፣ እነሱ ደግሞ ከፍታቸው አያሳልፋቸውም። ስለዚህ ከባልቲሞር ስትነሱ መካከለኛ መርከብና ትንሽ መም ጠብቁ።

ደውላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ መሙ ላይ መሮጥ የሚፈቀደው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ሥሩ የሚተኙ ሰዎች ስላሉ በማለዳ የሚከለክሉ አሉ። ሁለተኛ፣ ጂሙ ስንት ሰዓት ይከፈታል?

የአሜሪካ ፓስፖርት የሌላችሁ ደግሞ መርከቡ የሚያርፍበትን አገር የመግቢያ ሕግ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ።

## ደረጃ 3፦ ሻንጣ

ስትሳፈሩ የሰጣችሁት ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ሊሆን ይችላል። የመሮጫ ጫማ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና መድኃኒት በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ይሁን።

- ሁለት ጥንድ ጫማ። ባሕር ላይ እርጥብ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ካቢን የሚያጸዳው ልጅ ብትጠይቁት ያመጣላችኋል።
- ማግኔት ያለው መስቀያ አራት ወይም አምስት። የካቢን ግድግዳ ብረት ስለሆነ ይይዛል። የታጠበ ካልሲና ቲሸርት ማስጫ ይሆናል።
- ወገብ ላይ የሚታሰር ውሃ መያዣ፣ ለሁለት ጠርሙስ።
- የሚበጠበጥ ጨው (ኤሌክትሮላይት)።
- ቫዝሊን። እርጥበት ባለበት አየር ብብትና ጭን ይላጣል።
- ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ካርድና ስልክ የሚገባበት ዚፕ ያለው ላስቲክ።

በሶ ይዤ ልሂድ የሚል አለ። ያዙ፤ ምድጃ አይፈልግ፣ ማንኪያና ጠርሙስ ይበቃል። ግን ብዙ የክሩዝ ድርጅቶች ቤት የተሠራ ምግብ አያስገቡም፣ ፋብሪካ እንዳሸገው ያለ እሽግ ነው የሚያሳልፉት። እናት በፌስታል ቋጥራ የላከችው በሶ ስም የሌለው ዱቄት ነውና ፍተሻ ላይ ይቀራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሀበሻ ሱቆች ስሙ የተጻፈበትን እሽግ ግዙ፣ ሳትከፍቱም ግቡ።

የምትጾሙ ከሆነ ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ስለሆነ ጉዞው መሀሉ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ እንደማትበሉ ድርጅቱን ቀድማችሁ አሳውቁ። መጀመሪያው ማታ ላይ ደግሞ የአስተናጋጆቹን ኃላፊ በአካል አናግሩ። ሩዝ፣ ፓስታ በቲማቲም፣ ባቄላ፣ በውሃ የተሠራ አጃ፣ ሙዝ፤ ሯጭ በዚህ በደንብ ይሮጣል።

## ደረጃ 4፦ የመጀመሪያው ምሽት

መርከቡ ከባልቲሞር ሲወጣ ሰዓታት የሚፈጅ ጉዞ የሚያደርገው ቼሳፒክ ቤይ ውስጥ ነው። ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ክፍት አትላንቲክ የምትደርሱት በኋላ ነው። ይህን ጊዜ ተጠቀሙበት፤ ሳትሮጡ፣ በእግር።

1. መሙን ሁለት ጊዜ በእግር ዙሩ። ወለሉ ምንድን ነው? እንጨት? ቀለም የተቀባ ብረት? የሚያንሸራትተው የቱ ጋ ነው? ወንበር የሚደረደረው የቱ ጋ?
2. ቀስቱ ወዴት እንደሚያሳይ እዩ።
3. ጂም ግቡና ትሬድሚሉ በማይል ነው በኪሎ ሜትር የሚሠራው ብላችሁ አረጋግጡ። «10» ብላችሁ ስትጫኑ በኪሎ ሜትር ከሆነ ቀላል ሩጫ ነው፣ በማይል ከሆነ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ነው። 10 ኪሎ ሜትር በማይል 6.2 ነው፣ 12 ደግሞ 7.5።
4. ውሃ የሚሞላበትን ቦታ ለዩ።

### የእጅ ሰዓታችሁን ጂፒኤስ አጥፉ

መርከብ በ20 ኖት ሲሄድ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጂፒኤሱ እናንተን ከመርከቡ አይለይም። ቆማችሁ እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር በ1 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ እንደሮጣችሁ ይቆጥራል። የኔ ሰዓት 40 ደቂቃ ቀስ ብዬ ሮጬ 25 ኪሎ ሜትር መዝግቦ ነበር። የሳምንቱን ድምር፣ የግል ምርጥ ሰዓቴን፣ ሁሉንም አበላሽቶታል።

ጋርሚንም አፕልም የቤት ውስጥ ሩጫ የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱን ምረጡ። ከረሳችሁ የዚያን ቀን መዝገብ ወዲያው አጥፉት። መርከብ ላይ ርቀት አትቁጠሩ፣ ደቂቃ ቁጠሩ።

## ደረጃ 5፦ ባሕር ላይ መሮጥ

### ቀላል ሩጫ፣ መሙ ላይ

1. ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ከዚያ በኋላ የሚንሸራሸረው ሰው ይበዛል፣ ፀሐዩም ይከርራል።
2. ሠራተኞቹ ወለሉን የሚያጥቡት ማለዳ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች በእግር ሂዱ። እርጥብ ቦታ ካለ ጠብቁ ወይም ወደ ጂም ግቡ።
3. በትንፋሽ ሩጡ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል። መርከቡ የሚፈጥረው ነፋስ በአንዱ በኩል ደረት ይገፋል፣ በሌላው ጀርባ። ፔስ (አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅባችሁን ጊዜ) ለማስተካከል አትልፉ።
4. 40 ደቂቃ ሲሞላ አቁሙ። ትንሽ መም ላይ መታጠፊያው ጠባብ ስለሆነ ጭነቱ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ነው። እኔ የተጎዳሁት 90 ደቂቃ በአንድ አቅጣጫ ዞሬ ነው። የግራ ቁርጭምጭሚቴ ውስጠኛው በኩል አብጦ ሦስት ሳምንት አስቆመኝ።
5. መሙ ሰው ከሌለበትና ደንቡ ከፈቀደ መሀል ላይ አቅጣጫ ቀይሩ።

### ኢንተርቫል፣ ትሬድሚል ላይ

ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ጂም ይጨናነቃል። በሩ ሲከፈት እዚያው ተገኙ። ብዙ ማሽን በ60 ደቂቃ ራሱ ስለሚያቆም ልምምዱን በዚያ ልክ አሳጥሩት፦

- 15 ደቂቃ ማሟሟቂያ
- 4 ደቂቃ ጠንከር፣ 2 ደቂቃ ቀላል፣ አምስት ጊዜ
- 10 ደቂቃ ማቀዝቀዣ

ጠንከር የምለው የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ የምትይዙት ዓይነት ጥረት ነው። የማቆሚያውን ገመድ ልብሳችሁ ላይ ቆንጥጡት፤ ቤት ባታደርጉት እዚህ አድርጉት። ጂሙ ብዙ ጊዜ ከመርከቡ ፊት በኩል ላይኛው ፎቅ ነው፣ መወዛወዙ የሚበረታውም እዚያው ነው። ዓይናችሁን ሩቅ፣ አድማሱ ላይ አሳርፉ።

### ነገሩ ካልተሳካ

ወለሉ እግራችሁ ሥር ሸሸት እያለ ከሆነ፦ ፍጥነቱን በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ቀንሱ፣ ዳገቱን 2 ወይም 3 በመቶ ከፍ አድርጉ። ልብ ያንኑ ያህል ይሠራል፣ እግር ግን ያነሰ ይሳሳታል።

ባሕሩ ከተናወጠ፦ ሩጫ የለም። ደረጃ መውጣትም አይሆንም። የቆመ ብስክሌት ላይ 45 ደቂቃ ተቀመጡ። ወደ ቤርሙዳ የሚሄድ መርከብ ገልፍ ስትሪም የሚባለውን የአትላንቲክ ሞቃት ጅረት ስለሚያቋርጥ አንዱ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል። የሃሪኬን ወቅትም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ መንገድ ሊቀየር ይችላል። አንድ ቀን ቢዘል ዝለሉት፣ በማግሥቱ አትደርቡት።

ካቅለሸለሻችሁ፦ ወደ መርከቡ መሀል፣ ዝቅ ወዳለ ፎቅ ውረዱ። አድማስ እዩ። ዝንጅብል ያዙ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈውን መድኃኒት ከተጠቀማችሁ ግን ልብ በሉ፦ ላብ ይቀንሳል። ላብ ያቆመ ሰው በሙቀት ሲሮጥ ሰውነቱ ይግላል። ለጥፋችሁ ሙቀት ውስጥ አትሩጡ፣ ከመጓዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ጂም ሞልቶ ከሆነና ባሕሩ ጸጥ ካለ፦ 20 ደቂቃ ደረጃ ውጡ፣ በአሳንሰር ውረዱ። መውረዱ ጭን ስለሚያሳምም ለሐሙሱ ሩጫ አይበጅም።

## ደረጃ 6፦ ቤርሙዳ ላይ የሚሮጠው 14 ኪሎ ሜትር

የሳምንቱ ትልቁ ሩጫ ይህ ነው። ትልቁ ስህተትም የሚሠራው እዚህ ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ መርከቡ እንደደረሰ ወረድኩ። ለመውረድ ሲፈቀድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በኦገስት ቤርሙዳ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ይጠጋል፣ አየሩም እርጥበት የሞላበት ነው። የያዝኩት አንዲት ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነበረች። ሰመርሴት ድልድይ ስደርስ አለቀች። ስመለስ በተቆረጠ ነጭ ድንጋይ መሀል በሚያልፈው መንገድ ላይ ላቤ ቆመ፣ ቆዳዬ ቀዘቀዘኝ፣ ኮፍያዬ ጠርዝ ላይ ነጭ ጨው ሠርቷል። ሙቀት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለት የመጀመሪያው ደወል ነው። ጥላ ላይ ተቀመጥኩ፣ አንዲት እናት ከቤታቸው ውሃ ሰጡኝ። በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. መርከቡ የሚያድር ከሆነ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ሩጡ። መውረጃው ስለተከፈተ የሚያስጠብቃችሁ ነገር የለም። ኦገስት ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ጀምሩ።
2. ሰዓት አጣሩ። ቤርሙዳ ከባልቲሞር አንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከቡ ሰዓቱን ሊቀይር ወይም እንደነበረ ሊተወው ይችላል፣ ስልካችሁ ግን በራሱ ይቀይራል። መመለሻው የሚቆጠረው በመርከቡ ሰዓት ነው። ቤርሙዳ ላይ ብትሳሳቱ የምትመጡት ቀድማችሁ ነው። ከማያሚ ወደ ሜክሲኮዋ ደሴት ኮዙሜል ስትሄዱ ግን ግልባጩ ነው፤ ኦገስት ላይ ኮዙሜል በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት፣ ስልካችሁን አምናችሁ ስትመጡ መርከቡ ሄዷል። ለባልና ለሚስትም «አራት ተኩል እንገናኝ» አትባባሉ። የኛው አራት ተኩል ነው የመርከቡ? ቁጥሩን መርከቡ እንደጻፈው ተናገሩ።
3. ለመመለስ ሁለት ሰዓት ትርፍ ያዙ። ሁሉም ተሳፋሪ ገብቶ የሚያበቃው ብዙ ጊዜ ከመነሻው 30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው።
4. የቀኑን ፕሮግራም ፎቶ አንሱ። የወደቡ ወኪል ስልክ እዚያ ላይ አለ። መርከቡ ካመለጣችሁ መጀመሪያ የምትደውሉት ለሱ ነው።
5. ካርድና መታወቂያ ያዙ፤ ፍራፍሬ አትያዙ። ከመርከቡ ሙዝ ይዞ መውረድ በብዙ ወደብ ክልክል ነው። በሶውን መርከቡ ላይ ጠጥታችሁ ውረዱ፣ 40 ደቂቃ ቀድማችሁ።
6. አንድ ሊትር ውሃ ያዙ፣ ግማሹን ከጨው ጋር። ደሴቲቱ ወንዝ የላትም፣ ሰዉ በብዛት የሚጠጣው ከነጭ ጣሪያው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ነው። መንገድ ላይ ቧንቧ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ።

መንገዱ እንዲህ ነው። መርከቡ የሚቆመው ዶክያርድ ነው። ከዚያ በዋናው መንገድ ወደ ሰመርሴት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣላችሁ፣ ዋትፎርድ ድልድይን ታልፋላችሁ። ይህ ክፍል ጥንቃቄ ይፈልጋል። መኪና በግራ በኩል ነው የሚነዳው። ስለዚህ እናንተ በቀኝ ሩጡ፣ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታያችሁ። አጥር መንገዱን የተጠጋበትና የእግረኛ መሄጃ የሌለበት ጥምዝ አለ፤ እዚያ ጋ በእግር ሂዱ፣ ሙዚቃም አጥፉ።

ሰመርሴት ላይ የባቡር መንገዱ ይጀምራል። ከ1931 እስከ 1948 ባቡር ይሄድበት የነበረ ነው፣ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። አብዛኛው ጥላ አለው፣ መኪናም ብዙ አይገባበትም። ሰመርሴት ድልድይ ድረስ ሂዱና ተመለሱ፤ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዶክያርድ ውጭ ጂፒኤስ ትክክል ይሠራል፣ እዚህ ክፈቱት። ፔሳችሁ ከቤት በኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ቢዘገይ አትደንግጡ፣ ሙቀቱ ነው። አንድ ሰው ሙቀት ለመልመድ አሥር ቀን ወይም ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል፣ እናንተ ያላችሁ ሁለት ቀን ነው።

ግማሹ ውሃ ካለቀ፣ የትም ሁኑ፣ ተመለሱ። ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ላብ ካቆመ ሩጫው አብቅቷል። ጥላ ፈልጉ፣ አንገትና ብብት ላይ ውሃ አድርጉ፣ ሰው ጥሩ። ከዶክያርድ ዋና ከተማዋ ሃሚልተን የሚመላለሱት 7 እና 8 ቁጥር አውቶቡሶች ዋናው መንገድ ላይ ያልፋሉ፣ ቀለማቸው ሮዝ ስለሆነ ከሩቅ ይታያሉ። ትኬት አንድ ቀን ቀድማችሁ ዶክያርድ ላይ ግዙና ኪሳችሁ ውስጥ ይቀመጥ።

## ደረጃ 7፦ ምግብና እጅ

ቡፌ ላይ አንድ ደንብ ይበቃል፦ ከጠንካራ ሩጫ በፊት ባለው ማታ የተጠበሰና ክሬም የበዛበት አትንኩ፣ አንድ ሳህን ብቻ ብሉ። ቀሪዎቹን ቀናት እንደ እንግዳ ብሉ።

እጃችሁን ግን በሳሙናና በውሃ ታጠቡ። በር ላይ የሚረጩላችሁ ሳኒታይዘር መርከብ ላይ የሚዛመተውን ኖሮቫይረስ በደንብ አይገድልም። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከጀመራችሁ ሩጫውን ተዉ፣ ለመርከቡ ሐኪም ተናገሩ፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ሁለት ሙሉ ቀን ጠብቁ።

## ደረጃ 8፦ ቤት ከገባችሁ በኋላ

መሬቱ እግራችሁ ሥር የሚወዛወዝ ሊመስላችሁ ይችላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተዋል። እስከዚያ ትሬድሚልና ደረጃ ተጠንቀቁ። ሰኞ 30 ደቂቃ ቀላል ሩጡ፣ ለስላሳ መሬት ላይ።

ከዚያ ራሳችሁን ይህን ጠይቁ። ከአራቱ ሩጫዎች ሦስቱን ሮጣችኋል? ፕላኑን ካቆመበት ቀጥሉ፣ ቅዳሜ 28 ኪሎ ሜትር ሩጡ። ሁለቱን ብቻ? ቅዳሜ 26ቱን ድገሙት። አንድ ብቻ ወይም ጭራሽ ምንም? 22 ሩጡ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 26 ተመለሱ። የታመመ ሰው ረጅሙን ሩጫ የሚሞክረው ቀላል ሩጫ ሦስት ቀን ሳይቸገር ከሮጠ በኋላ ነው።